መልስ፦ የ3 ዲግሪ ልዩነት ብቻ እያለ የግድቡ ውሃ ለምን አይቀላቀልም?

ላይኛው ውሃ 28፣ በ15 ሜትር ጥልቀት ያለው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ሳለ፣ ከታች የሚቀዳው ለምን የበሰበሰ እንቁላል እንደሚሸት ጠይቀዋል። በሞቃት ውሃ 3 ዲግሪ ትንሽ አይደለም። ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ያለው የእፍጋት (የእኩል መጠን ውሃ ክብደት) ልዩነት ከ4 እስከ 15 ዲግሪ ካለው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ሞቃቱ ውሃ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ነፋስም በቀላሉ አያቀላቅለውም። ከታች ያለው ኦክስጅን በብስባሽ ምክንያት ሲያልቅ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይፈጠራል፤ ሽታው የእሱ ነው።

የሙቀቱንና የኦክስጅኑን ልኬት በግድቡ ጥልቅ ቦታ ላይ በየ1 ሜትሩ ይውሰዱ። ሴንሰሩን ባወረዱ ቁጥር ንባቡ እስኪረጋ ይጠብቁ፤ የኦክስጅኑ ከሙቀቱ ዘግይቶ ነው የሚረጋው። ማለዳም ከሰዓት በኋላም ይለኩ፤ ቀን ላይ የላይኛው 1 ወይም 2 ሜትር የሚይዘው ሙቀት ሌሊት ስለሚጠፋ ዘላቂውን ንብርብር የሚያሳየው የማለዳው ልኬት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቀዝቃዛውና ነፋሻማው ወቅት ነው። ላይኛው ውሃ ወደ 25 ሲጠጋ ብርቱ ነፋስ ሁለቱን ይደባልቃል፤ ኦክስጅን አልባው ውሃ ድንገት ሲወጣ ዓሣ በጅምላ ሊያልቅ ይችላል። በዚያ ሰሞን ቢያንስ በየሳምንቱ ይለኩ። በዝናብ ወቅት ደግሞ ቀዝቃዛ ደለላማ ጎርፍ ከሥር ሊገባ ስለሚችል፣ የላዩ መጥራት አያታልልዎ።