መልስ፦ መጀመሪያ ሥዕሉ፣ ገጹ ይቆይ

እህቴ፣ «ከፌስቡክ ከራቅሁ ቆየሁ፣ ወደ ሥዕል ልመለስ ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ገጼን መልሼ ልክፈት ወይ?» ላልሽው፣ አሁን አትክፈቺው። የትም አይሄድም። ባሕር ዳር ነኝ ካልሽ ደግሞ ታድለሻል! በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሪና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ውስጥ ግቢ፤ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው፣ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ። ዓይኖቹን ደህና አድርገሽ እዪ፣ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። ስትመለሺ ጣና ዳር ተቀምጠሽ የደንገል ታንኳውን በእርሳስ ሞክሪ፣ ለማንም ግን አታሳዪ። ላይክ የማይጠበቅበት ሥዕል እጅን ያፍታታል፣ በዚህ ከልቤ አምናለሁ። ደብተሩ ሲሞላ የወደድሽውን መርጠሽ ትለጥፊያለሽ፤ ያኔም ኮሜንቱን ማታ ማታ ብቻ እዪው፣ ጠዋቱን ለእርሳሱ ተዪለት።