ቅዳሴ ላይ ልቤ ይደልቃል፤ እምነቴ ጎድሎ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ከስድስት ወር ወዲህ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ድንገት ልቤ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ አሁን ሞትኩ እላለሁ። ነጠላዬን ሰብስቤ ሮጬ እወጣለሁ። ሐኪም ቤት መርምረውኝ ልብሽ ደኅና ነው፣ ጭንቀት ነው ብለው ኪኒን ሰጡኝ። ጸበል ስሄድ ግን አንዲት እናት “ያለብሽ መንፈስ ነው፣ ኪኒን ከጸበል ጋር አይሆንም” አሉኝና አቋረጥኩት። አሁን ብሶብኛል። እምነት ቢኖረኝ ይህ ይደርስብኝ ነበር?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አዎ፣ እምነት እያለሽም ይደርስብሻል። ኤልያስን አስቢ። እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። ኤልዛቤል ስትዝትበት ግን ወደ በረሃ ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ለመነ (አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19)። እግዚአብሔር እምነትህ የታል አላለውም። መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተጨነቀን ሰው ገና አፉን ሳይከፍት “ኃጢአትህ ነው” የምንል ሰዎች ይህን ምዕራፍ ደግመን ብናነበው ደስ ይለኛል።

የሚይዝሽን ነገር ሐኪሞች ፓኒክ አታክ ይሉታል። ሌሊት መንገድ ላይ ጅብ ቢገጥምሽ ሰውነትሽ አድሬናሊን ይለቃል፣ ልብሽ ይደልቃል፣ ለመሮጥ ትዘጋጂያለሽ። ያው ነገር ነው፣ ያለ ጅብ የመጣ። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደምሽ ከልክ በላይ ይወጣል፤ መደንዘዙና ማዞሩ በአብዛኛው ከዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና መብረድ ይጀምራል። ያስፈራል እንጂ አይገድልም።

ስትሮጪ ይቀልሻል አይደል? ችግሩ እሱ ነው። ሰውነትሽ “የተረፍኩት ስለሮጥኩ ነው” ብሎ ይይዘዋል፣ ከዚያ ዛሬ ቅዳሴው፣ ነገ ታክሲው፣ ከነገ ወዲያ ገበያው ያስፈራሻል። ስለዚህ አትሩጪ። በሴቶች በር አጠገብ ቁሚ፣ ሲከብድሽ ተቀመጪ፤ የታመመ ሰው ቢቀመጥ ነውር የለውም። በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አውጪ። መቁጠሩ ካልሆነልሽ ስትስቢ “እግዚኦ”፣ ስታስወጪ “ተሣሃለነ” እያልሽ በልብሽ ጸልዪበት። ካቃተሽም እስከ አጸዱ ብቻ ውጪ፣ ሲበርድልሽ ተመለሺ። ቡናውንም ቀንሺ፣ እስከ በረካ መጠጣት ልብን ያስደልቃል። በብርዱ ሰበብ “ትንሽ አረቄ ያረጋጋሻል” የሚልሽን አትስሚ፤ የአረቄው ኃይል ሲወርድ ጭንቀቱ ይብሳል።

ወደ ጸበሉ ልምጣ። ጻድቃኔ ማርያም፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ሕዝቡ የሚጎርፈው በከንቱ አይደለም። እኔም እሄዳለሁ፣ ጸበል ያድናል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብሩ፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እርሱ ነው ተብሎ ተጽፏል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። ሁለቱን ማን አጣላቸው? በባዶ ሆድ መጠመቅ ከፈለግሽ ኪኒኑን ከጸበል በኋላ ትውጪያለሽ፤ ሰዓቱን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። ርኩስ መንፈስ የለም እያልኩ አይደለም። ግን የደለቀ ልብ ሁሉ መንፈስ የያዘው አይደለም፣ ይህን መለየትም ጸበል ዳር የተገናኘሽው ሰው ሥራ አይደለም።

የጭንቀት መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ ራሱ ያዞራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጭንቀቱን ይመልሳል። የባሰብሽ ምናልባት ለዚህ ነው። በራስሽ እንዳትጀምሪው፣ ኪኒኑን ወደ ሰጠሽ ሐኪም ተመለሺና ማቋረጥሽን ሳትደብቂ ንገሪው። አብዛኛው እንዲህ ያለ መድኃኒት ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል፣ በሦስተኛው ቀን ምንም አልሠራም ብለሽ አትጣይው። ጾሙን በተመለከተ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ቤተ ክርስቲያን የታመመን አታስገድድም። ሕይወትሽን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ አትቆዪ፣ በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ተናግረሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።

እሑድ ከምታምኛት እኅት ጋር ሂጂ፣ ምን እንደሚያደርግሽም አስቀድመሽ ንገሪያት። የክርስትና ስምሽን ላኪልኝ፣ በጸሎት አስብሻለሁ።