ለወጣት ሠራተኞች፦ ስለ ንግሥት ኤልሳቤጥ

ልጆቼ፣

ንግሥት ኤልሳቤጥ ያረፉት ጳጉሜን 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። የሩፋኤል ዕለት። ለዘመን መለወጫ ሽር ጉድ ስንል ዜናው ደረሰን። 96 ዓመታቸው ነበር። የቤቴ ሰዎች "አንቺ ደግሞ ለእንግሊዝ ንግሥት ታዝኛለሽ?" ብለው ሳቁብኝ። አዎ፣ አዝኛለሁ።

ለዘውድና ለአልማዝ ደንታ የለኝም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ኦዲት ላይ ነው። ሰው የምመዝነው በወረቀት አያያዙ ነው። እሳቸውንም የወደድኳቸው በቀይዋ ሣጥን ምክንያት ነው።

ከጥቂት የበዓል ቀናት በስተቀር በየቀኑ ቀይ ሣጥን ትመጣላቸው ነበር። ውስጧ የካቢኔ ሰነድ፣ ከአምባሳደሮች የመጣ ሪፖርት፣ የሚፈረም ወረቀት አለ። ዕረፍት ቢወጡም ትከተላቸዋለች። 70 ዓመት! አስቡት፣ አገሩን የሚመራው መንግሥት ነው። "ምን አገባኝ" ብለው ዝም ብለው ቢፈርሙ ማን ይጠይቃቸዋል? ግን ያነቡ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በየሳምንቱ ሲመጡ የሚቀመጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ እንኳ የለም። ከጠቅላይ ሚኒስትሮቹ አንዱ ሃሮልድ ዊልሰን ሥልጣን ሲለቁ፣ ተተኪያቸው ንግሥቲቱ ፊት ከመቅረቡ በፊት የቤት ሥራውን እንዲሠራ እንደሚመክሩት ተናግረዋል። ቀልድ አለበት። ግን ሳይዘጋጅ የገባ ሰው ላብ በላብ ሆኖ እንደሚወጣ ይገባችኋል።

ሥራ ስትጀምሩ ቶሎ የምትሰሙት "እዚህ ጋ ፈርሙ" የሚለውን ነው። "ፎርማሊቲ ነው" ይሏችኋል። እኔን ሒሳብ ስመረምር ከሌባ ይልቅ ያሳዘነኝ ሳያነብ የፈረመ ጨዋ ሰው ነው። ሌባው ቢያንስ የሠራውን ያውቃል። ወረቀቱ ሦስት ገጽም ይሁን ሠላሳ፣ አንብቡት። "ለነገ አሳድሩልኝ" ማለት ነውር የለውም። ያን ቀን ፊታቸውን ያጠቁሩባችኋል። ቆይቶ ግን "እሱ ጋ ሳይነበብ አያልፍም" የሚል ስም ይወጣላችኋል፤ የተጭበረበረ ወረቀት ይዞ የሚዞር ሰውም በራችሁን አያንኳኳም።

ጳጉሜን 1 ቀን፣ ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ስኮትላንድ ባለው ባልሞራል ቤታቸው ሊዝ ትረስን ሾሙ። 15ኛዋ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው መሆኗ ነው፤ የመጀመሪያው ቸርችል ነበሩ። ከዘራ ይዘው፣ ቆመው፣ ፈገግ ብለው ነው የተቀበሏት። እስከዚህ ድረስ ሥሩ ግን አልላችሁም። ጡረታ ደስ ይላል፤ እሳቸው አላገኙትም እንጂ።

"ልዑል ዓለማየሁስ?" የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። በ1957 ዓ.ም. አገራችንን ሲጎበኙ የአፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም መልሰዋል። የአፄው ልጅ የዓለማየሁ አፅም ግን እዚያው እንግሊዝ ቀረ። ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1999 ዓ.ም. እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። ልዑሉ ዛሬም ያለው ዊንድሰር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ንግሥቲቱም የተቀበሩት እዚያው ነው። እሳቸው ካረፉ በኋላ በ2015 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ የሰጠው ምላሽ፣ የሌሎችን አፅም ሳይነኩ የእሱን ማውጣት ያስቸግራል የሚል ነው። እኔን አላሳመነኝም። የማደንቃቸው ሴት ይህን ሳይጨርሱ መሄዳቸው ይቆጨኛል። ከእናንተ መሃል ሕግ የሚያጠና ካለ፣ ፋይሉን ከመቅደላ ጀምሮ ያንብበው።