ሪሴት ከማድረግህ በፊት አጥፍተህ አብራው

ወንድሜ፣ ጎንደር ፒያሳ ያለው ቢሯችሁ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ የጠረጴዛው የኢንተርኔት ስልክ «ኖ ሰርቪስ» እያለ አልደውል ብሏል፣ ሪሴት ላድርገው ወይ ብለሃል። እባክህ አትቸኩል።

ሪስታርት (አጥፍቶ ማብራት) እና ፋክተሪ ሪሴት (ከፋብሪካ እንደወጣ ማድረግ) ለየቅል ናቸው። ሪስታርት ምንም አያጠፋም። ፋክተሪ ሪሴት ግን የውስጥ ቁጥሩን፣ የሰርቨሩን (ጥሪዎቹን የሚያገናኘውን ኮምፒውተር) አድራሻና የይለፍ ቃሉን ጠራርጎ ያጠፋል። እነዚህን በእጅህ ካልያዝክ ስልኩ ጭራሽ ዝም ይላል።

መብራት ሲመጣ ስልኩ ከራውተሩ ቀድሞ ሊነሳ ይችላል። ያኔ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ራውተሩንና ስዊቹን (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰኩበትን ሳጥን) አስነሳ። ኢንተርኔቱ በኮምፒውተር መሥራቱን እይ። ከዚያ ስልኩን ነቅለህ፣ ትንሽ ቆይተህ መልሰው። አዳፕተር ከሌለው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በኔትወርክ ገመዱ ነው፤ እሱኑ ንቀል። ስትመልሰው «ፒሲ» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቅ፤ እሱ ለኮምፒውተር ነው።

አይፒ አግኝቶም «ኖ ሰርቪስ» ካለ የሌሎቹን ጠረጴዛ ስልኮች ሞክር። ሁሉም «ኖ ሰርቪስ» ካሉ ጥፋቱ ያንተ ስልክ አይደለም። ሲስተሙን ለሚያስተዳድረው ሰው ደውል፤ ሪሴት አይፈታውም።

ያንተ ብቻ ከሆነ ቅንብሩን በወረቀት ጽፈህ ያዝ፣ ከዚያ ሪሴት አድርገው። የስልኩ ብራንድ ዬሊንክ ከሆነ የኦኬን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ፤ ሲጠይቅህ አረጋግጥ። ተነስቶ እስኪጨርስ ገመዱን አትንካ። ሞዴሉን ብትነግረኝ ቀሪውን አብረን እናየዋለን።