ወተት፣ ወባና ራሰ በራነት፦ የሐሙስ ማታ ጥያቄና መልስ

ሰላም የሐሙስ ሰዎች። ዛሬ ወሬያችን ስለ ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ስለምንወርሰው የዘር መመሪያ፣ እና ስለ ጤና ነው። ሐኪም አይደለሁም። ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የምርመራ ወረቀት ፎቶ አትላኩልኝ፤ አላነብም። በሉ ጠይቁ።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ ወተት ስጠጣ ሆዴን ይነፋኛል። እርጎ ግን ምንም አይለኝም። እህቴ ደግሞ ወተት እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። ዘር ነው ልማድ?

መልስ፦ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አምጡልኝ! ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ይህን ስኳር የሚሰብረው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ሕፃን ሲወለድ አለው። ጡት ከጣለ በኋላ ግን አብዛኛው የዓለም ሰው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተሰበረው ስኳር ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያዎች ድግስ ይደግሱበታል። ጋዙ የድግሱ ጭስ ነው።

ሰው ከብት ማርባት ከጀመረ ወዲህ ግን በአንዳንዶች ላይ ኢንዛይሙን የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ ሥራውን ተወ። መብራቱ እስከ እርጅና በርቶ ቀረ። ይህ ለውጥ ለምን ጠቀመ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ምግብነቱ ነው የሚል አለ፣ ድርቅና ረሃብ ነው የሚልም አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ለውጡ የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ አለመሆኑ ነው። አውሮፓውያን ላይ አንድ የዲኤንኤ ፊደል ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ደግሞ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ሱዳን ውስጥ ሌሎች ፊደሎች ተቀይረው አገኘ። እኛ አገር በርከት ያሉት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ማብሪያ ማጥፊያው ደግሞ ራሱ የላክቴዝ ጂን ላይ አይደለም፤ ጎረቤት ጂን ውስጥ ነው የተቀመጠው። የሳሎኑን መብራት ከኮሪደር እንደምታበራው ማለት ነው።

ስለዚህ እህትህ በርቶ የቀረውን ወርሳ ይሆናል፤ አንተ ሳይደርስህ ቀርቶ። እርጎ የሚስማማህ ባክቴሪያዎቹ ከስኳሩ ከፊሉን ቀድመው ስለበሉልህ ነው። እናቶቻችን ዕቃውን በወይራ አጥነው ወተት ሲያረጉ፣ የጎደለውን ኢንዛይም ከውጭ ቀጠሩለት።

አብሽር፣ እኔም እንዳንተው ነኝ። አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርጄ፣ ጋባዥ እንዳይቀየመኝ ብዬ አንድ ጣሳ የግመል ወተት ግጥም አደረግሁ። ስንመለስ ሐረጎ ላይ ሆዴ መጮህ ጀመረ። ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝና ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።

እና ወተት አፍሉ። ጥሬ ወተት ብሩሴላ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ በሽታና የከብት ቲቢ ሊያመጣ ይችላል።

ከባቲ መንገድ፦ የግመል ወተት ላክቶስ የለውም ይባላል እኮ?

መልስ፦ አለው። ሆዴን ጠይቀው።

ከባቲ መንገድ፦ ግን ጋሼ፣ ሲፈላ ጣዕሙ ይጠፋል።

መልስ፦ ይጥፋ። አፍላው።

ቦርከና፦ እኛ ኮምቦልቻዎች ወባን ለምደነዋል። ደሴዎች ግን እኛ ጋ አንድ ሌሊት አድረው ታመው ይተኛሉ። የጂን ልዩነት ነው?

የጦሳ ልጅ፦ ሙቀቱ ነው የሚያናግርህ።

ቦርከና፦ ጋቢህን ተከናንበህ ነው የምትጽፈው አይደል?

የጦሳ ልጅ፦ ጋቢ ከአጎበር ይሻላል!

መልስ፦ ተዉ እንጂ! ከተማ ጂን የለውም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ልዩነቱ የትንኟ ነው፤ ብርድ አትወድም። መቼም በየሳምንቱ ሽቅብ ቁልቁል እየተጋባችሁ በ25 ኪሎ ሜትር ሁለት ዓይነት ሰው አይወጣም። ደጋግሞ የታመመ ሰው በከፊል ሊቋቋም ይችላል፤ ያ ግን ለልጅ አይወረስም።

የሚወረሰው ሌላ ነው። የምዕራብ አፍሪካ ሰው፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ ቀይ የደም ሴሉ ላይ ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን የለውም። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ በዋናነት በዚያ በር ነው የሚገባው። እኛ አገር ብዙ ሰው በሩ አለው። ቫይቫክስ እኛ ጋ የሚመላለሰው አንድም ለዚህ ነው። ትኩሳት የያዘው ይመርመር፤ «ለምጄዋለሁ» መድኃኒት አይደለም።

ከቧንቧ ውሃ፦ ራሰ በራነት ከእናት ወገን ነው አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሽ እውነት። አንድ ትልቅ ጂን ከእናት ይመጣል፣ ሌሎች ብዙዎች ከሁለቱም። አጎትህን አይተህ ስታበቃ አባትህንም እይ።

ስም የለሽ፦ ስለ ጂን ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ምኑን? ቀጣይ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጋሼ፣ ልጄ ሳል ይዞት ሐኪሙ ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ እንዳልሰጠው ከለከለኝ። ለትልቅ ሰው ይሰጥ የለ?

መልስ፦ ሐኪምሽ አዋቂ ነው። ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው። ጉበት ሞርፊን ወደሚባለው ኃይለኛ ማስታገሻ ሲቀይረው ነው ጉልበት የሚያገኘው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የቀያሪው ኢንዛይም ጂን ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አገኘ። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ሞርፊኑን ቶሎና በብዛት ያወጣዋል። ትንሽ ልጅ ላይ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ከልክሏል። የምታጠባ እናትም ከሱ ትራቅ። ከጎረቤት ሽሮፕ አትዋሱ።

ስም የለሽ 2፦ የስኳር በሽታ ዘር ነው ምግብ?

መልስ፦ ሁለቱም። ባለፈው ሐሙስ ብዬዋለሁ።

ከሐይቅ፦ ሰላም ጋሼ፣ አሁን ነው የገባሁት። ወተት ስጠጣ ሆዴ ይጮሃል። ዘር ይሆን?

መልስ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ከሐይቅ፦ እሺ ጋሼ። ጥሬውን ስለምጠጣው ይሆን እንዴ?

መልስ፦ ያ ረቢ!