ባለቤቴን ቫይረሱ ለምን አልያዘውም? ደሙ ኦ ስለሆነ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ካገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከስድስት ዓመት በፊት ለእርግዝና ክትትል ስሄድ ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ እንዳለ ተነገረኝ። ከዚያ ጀምሮ መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ባለቤቴ በዚያው ሳምንት ተመርምሮ ነጻ ሆነ። ከዚያ ወዲህም ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ነጻ ነው። አሁን «የኔ ደም ኦ ነው፣ እኔን አይዘኝም» ብሎ ምርመራውን ትቶታል። ጓደኛው ደግሞ ቫይረሱ የማይገባባቸው ሰዎች እንዳሉ ኢንተርኔት ላይ አንብቤያለሁ አለው። እውነት ነው? እሱን ካልያዘውስ እኔ መድኃኒቱን ብተወው ምን ይሆናል? እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰልችቶኛል።

መልስ፦ ጓደኛው ያነበበው ነገር እውነት ነው። ባለቤትዎ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ መሆኑን ግን በጣም እጠራጠራለሁ።

የኦ ደሙን ወሬ በቅድሚያ እንጨርሰው። ኤ፣ ቢ፣ ኦ የምንለው በቀይ የደም ሴል ላይ ያለ የስኳር ምልክት ነው። ኤችአይቪ ደግሞ የሚራባው በቀይ የደም ሴል ውስጥ አይደለም። የሚያጠቃው ከነጭ የደም ሴሎች የተወሰኑትን ነው። ኦ ሆኖ የተያዘ ሰው ሞልቷል፤ እኔ ራሴ ብዙ አክሜያለሁ።

ታዲያ ቫይረሱ እነዚያን ነጭ ሴሎች እንዴት ለይቶ ያውቃቸዋል? በኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክፍል ወረፋ ላይ «ሲዲፎርሽ ስንት ደረሰ?» ሲባባሉ ሰምተው ይሆናል። ሲዲፎር ቁጥር ብቻ ይመስለናል። በእርግጥ ግን በእነዚህ ሴሎች ገላ ላይ የወጣ ፕሮቲን ነው፤ ቫይረሱ መጀመሪያ የሚጨብጠው እሱን ነው። ይህን በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የለንደንና የፓሪስ ተመራማሪዎች በየፊናቸው ደረሱበት።

ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። በ1986 ግን የሰውን ሲዲፎር በአይጥ ሴል ላይ አበቀሉና ቫይረሱን ለቀቁበት። ቫይረሱ ሴሉ ላይ ተጣበቀ፤ ግን አልገባም። ደጅ ላይ ቀረ። የሰው ሴል ያለው፣ አይጡ የሌለው ሌላ አንድ ነገር መኖር አለበት ማለት ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ አሥር ዓመት ፈጀ።

ያገኘው በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ በሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም የኤድዋርድ በርገር ቤተ ሙከራ ነው። ዘዴያቸውን እወደዋለሁ። በአንድ ወገን የቫይረሱን የሽፋን ፕሮቲን የለበሱ ሴሎች አዘጋጁ። በሌላው ወገን ሲዲፎር የተሰጣቸው የአይጥ ሴሎች። በአይጦቹ ሴሎች ውስጥ ከሰው የተወሰዱ ጂኖችን ጨመሩና ሁለቱን ወገን ቀላቀሏቸው። ሁለት ሴሎች ከተዋሃዱ ሰማያዊ ቀለም ይወጣል፤ ካልተዋሃዱ ምንም የለም። ሰማያዊ የታየበትን የጂን ድብልቅ ለሁለት ለሦስት እየከፈሉ፣ እንደገና እየሞከሩ፣ በመጨረሻ አንድ ጂን ቀረ። ጊዜው 1996 ነበር። የዚያ ጂን ፕሮቲን ዛሬ ሲኤክስሲአር ፎር ይባላል። በሳምንታት ውስጥ ደግሞ አምስት ቡድኖች ወንድሙን ሲሲአር ፋይቭን አገኙ። ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው ይህን ሁለተኛውን ነው። በአገራችን በብዛት ያለው ሲ የሚባለው የቫይረሱ ዝርያም እንደዚያው።

አገባቡ እንዲህ ነው። ቫይረሱ በሲዲፎር ሲያዝ የላይኛው ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፤ ተሸፍኖ የነበረ ጎኑ ይገለጣል። በዚያ ጎኑ ሲሲአር ፋይቭን ይይዛል። ያኔ ከሥር ተጣጥፎ የነበረው ጂፒ 41 የሚባል ፕሮቲን ተስፈንጥሮ የሴሉን ሽፋን ይወጋና መልሶ ይታጠፋል። ሲታጠፍ የቫይረሱንና የሴሉን ሽፋን ያቀራርባቸዋል። ሁለቱም ሽፋኖች ስብ ናቸው። ወጥ ላይ የተንሳፈፉ ሁለት የዘይት ጠብታዎች ተነካክተው ድንገት አንድ ሲሆኑ አይተዋል? ልክ እንደዚያ። የቫይረሱ ዕቃ በሙሉ ወደ ውስጥ ይፈስሳል።

የባለቤትዎ ጓደኛ ያነበበው እዚህ ላይ ይመጣል። በዚያው በ1996 ተደጋግመው ተጋልጠው ያልተያዙ ሁለት ሰዎች ሲመረመሩ፣ ከእናትም ከአባትም የወረሱት የሲሲአር ፋይቭ ጂን 32 ፊደል ጎድሎት ተገኘ። በዚህ የተነሳ ፕሮቲኑ ሴሉ ላይ አይወጣም። ቫይረሱ የሚይዘው ሁለተኛ እጀታ የለም። ከሰሜን አውሮፓ ዘር ካላቸው ሰዎች ከመቶ አንዱ ገደማ እንዲህ ናቸው። በአፍሪካውያን ዘንድ ግን የለም ማለት ይቻላል። ጉድለቱ ያላቸውም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አልዳኑም፤ በሲኤክስሲአር ፎር በሚገባው ቫይረስ የተያዙ አሉ።

በበርሊን ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ቲሞቲ ሬይ ብራውን በ2007 ለደም ካንሰሩ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ሲደረግለት፣ ሐኪሙ ጌሮ ሁተር ይህ ጉድለት ያለበትን ለጋሽ ሆን ብሎ መረጠለት። ብራውን የኤችአይቪ መድኃኒቱን አቆመ፤ ቫይረሱ አልተመለሰም። በ2020 የሞተው ካንሰሩ አገርሽቶበት ነው። እንዲህ ያለ ንቅለ ተከላ ራሱ ሊገድል ስለሚችል ካንሰር ለሌለው ሰው አይታሰብም።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልመለስ። መድኃኒት ሳይጀምሩ በፊት በትዳር ሦስት ዓመት አሳልፈዋል። መቼና ከማን የሚለውን አልነካም፤ ለጥያቄዎ አያስፈልግም። ቫይረሱ ካለባት፣ መድኃኒት ካልጀመረች ሴት ወደ ወንድ በአንድ ግንኙነት የመተላለፍ ዕድሉ በአማካይ ከ10,000 አራት ገደማ ነው። በዓመት መቶ ጊዜ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ተጋልጧል እንበል። ሲሰላ ከመቶ እንዲህ ያሉ ባሎች 11 ያህሉ ይያዛሉ፤ 89ኙ ያመልጣሉ። አባላዘር ቁስል ካለ ስሌቱ ይከፋል። ባለቤትዎ ከተገረዘ ደግሞ ይቀንሳል፤ በሸለፈት ውስጥ ቫይረሱ የሚፈልጋቸው ሴሎች በብዛት አሉና። ስለዚህ ማምለጡ ተአምር አይደለም። የእሱም ሴሎች ሲዲፎርና ሲሲአር ፋይቭ አላቸው ብዬ ነው የማስበው።

ባለፉት ስድስት ዓመታት ያዳነው ግን የእርስዎ እንክብል ነው። የሚወስዱት እንደ ብዙዎቹ ዶሉቴግራቪር፣ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የያዘው ከሆነ፣ ቫይረሱ ወደ ሴል እንዳይገባ አይከለክልም። ከገባ በኋላ እንዳይባዛ ነው የሚይዘው። ካልተባዛ ደም ውስጥም፣ በግንኙነት ጊዜ በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥም እየጠፋ ይሄዳል። በአውሮፓ 888 ጥንዶች በተሳተፉበትና በ2016 በወጣ ጥናት፣ 58,000 ያህል ጊዜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ተደርጎ፣ ቫይረሱ በደም ምርመራ ከማይታይበት ወገን ወደ ትዳር ጓደኛ የተላለፈው ዜሮ ነው። አሥራ አንድ ሰዎች ተይዘው ነበር፤ የቫይረሱ ዘር ሲመረመር ግን ከቤታቸው ያገኙት አልነበረም። (ከየት እንዳመጡት ለየቤቱ የተተወ ጉዳይ ነው።)

መድኃኒቱን ቢተዉት ምን ይሆናል ላሉኝ፦ በሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ ይመለሳል። የባለቤትዎም የሦስት ዓመቱ ዓይነት ዕጣ እንደገና ይጀምራል። እርስዎም ይታመማሉ። እባክዎን አይተዉት።

የመጨረሻው ቫይራል ሎድዎ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ምርመራ) መቼ እንደተሠራ ካርድዎ ላይ ይዩ። ዓመት ካለፈው ይጠይቁ። «አይታይም» ካልተባለ ኮንዶም ይጠቀሙ፤ ለባለቤትዎም ፕሬፕ የሚባለውን መከላከያ እንክብል ያነጋግሩ፤ በአገራችን እንደ እሱ ላሉ የትዳር ጓደኞች ይሰጣል። እሱ መመርመሩን ይቀጥል። በቅርብ ተጋልጦ ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ ይድገመው። ሁለተኛ ልጅ ካሰባችሁም አስቀድማችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ይቻላል።

መሰልቸቱንም ሳይደብቁ ለነርሷ ይንገሯት። ውጤቱ ጥሩ ለሆነ ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ የሚሰጥበት አሠራር አለ፤ ቢያንስ ከየወሩ ወረፋ ይገላገላሉ።