አምስት ገጽ ለአንድ ሰው፦ ለአንዲት የደሴ ባልትና ነጋዴ የተሰጠ የሙያ ምክር

ጥያቄዎ ደርሶኛል። ባጭሩ ላስታውሰው። በአካውንቲንግ ተመርቀው ሥራ ሲጠፋ፣ ከእናትዎ በተማሩት ሙያ ደሴ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም አዘጋጅተው መሸጥ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኖዎታል። ከመቀንጠሱ እስከ ማሸጉ ድረስ ብቻዎን ነዎት። በዚያ ላይ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ከፍተው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስልክ ላይ ይቆያሉ፤ ያም ሆኖ «መልስ አትሰጥም» የሚል ቅሬታ አልቀረልዎትም። ስለዚህ ሰው ልቅጠር፣ የዲጂታል ማርኬቲንግ ኮርስ ልግባ ወይስ ንግዱን ትቼ በዚሁ ሙያ ልቀጠር ብለው ጠይቀዋል።

ሦስቱንም ለጊዜው እናቆያቸውና ከሰዓቱ እንጀምር። በቀን አራት ሰዓት በሳምንት ስድስት ቀን ሲባዛ 24 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ሦስት ሙሉ የሥራ ቀን ማለት ነው። በርበሬውን ለማጠብ፣ ለማስጣት፣ ለመደለዝ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ለመጠበቅና ዕቃ ለማድረስ የሚተርፍዎት ከዚያ የተረፈው ብቻ ነው። አካውንታንት ስለሆኑ በዚሁ መንገድ ልንገርዎት፦ የበርበሬውን፣ የኮረሪማውንና የላስቲኩን ዋጋ በደብተርዎ ላይ አስፍረዋል፤ እነዚህን 24 ሰዓታት ግን በየትኛውም ገጽ ላይ አላገኘኋቸውም። ለሰዓትዎ ትንሽም ቢሆን ዋጋ ሰጥተው በወጪ በኩል ይመዝግቡት፤ ከአምስቱ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች የትኛው እንደሚያዋጣና የትኛው እንደሚያከስር ያኔ ይለያል።

ከደብዳቤዎ ጋር የላኩልኝ የደብተር ገጽ ደግሞ ከጠየቁኝ ይልቅ ብዙ ነገር ይነግራል። የመጨረሻዎቹን 30 ገዢዎች ከየት እንደመጡ ጽፈዋል፤ ይህን ማድረግዎ ያስመሰግንዎታል። 17ቱ ቀድሞ የገዙ ወይም የገዛ ሰው የነገራቸው ናቸው፤ ስምንቱ ከቴሌግራም፣ ሦስቱ ከቲክቶክ፣ ሁለቱ ከፌስቡክ መጥተዋል፤ ከኢንስታግራም ማንም የለም። እርግጥ አንድ ሰው ቲክቶክ ላይ አይቶ በቴሌግራም ሊያዝ ስለሚችል፣ ከእንግዲህ «መጀመሪያ ያዩን የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው። ቴሌግራምን መሸጫ፣ ቲክቶክን ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚታዩበት መስኮት ያድርጉት፤ ዋትስአፕ ለውጭ አገርና ለአዲስ አበባ ዘመዶች ይቆይ። ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ የቴሌግራም አድራሻዎንና ስልክዎን ጽፈው ይተዋቸው። ገጹ የሚጠፋ እየመሰለዎት ሊሳሱ ይችላሉ፤ አብሽሩ፣ ማንም አይወስደውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ቻናልዎን ከፍቼ አንድ ልጥፍ ተመለከትሁ። ፎቶው መልካም ነው፤ ሰሌን ላይ የተሰጣ ዛላ በርበሬ ይታያል። ከሥሩ «ምርጥ የባልትና በርበሬ ገብቷል፤ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ከዚያ በታች 14 ሰዎች ጽፈዋል፤ «ስንት ነው?»፣ «ኪሎው?»፣ «አዲስ አበባ ትልካላችሁ?»፣ አሁንም «ስንት?»። ለዘጠኙ በውስጥ መስመር አንድ በአንድ መልሰዋል፤ አምስቱ ዛሬም እየጠበቁ ናቸው። እንግዲህ እንቅልፍዎን የወሰደው ይህ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ ዋጋ ሲጠየቅ «ቀረብ በሉና በጆሮዎ ልንገርዎ» የሚል ነጋዴ ቢኖር ማን ፊቱ ይቆማል? «ዋጋውን ተወዳዳሪ ያይብኛል» ብለው ጽፈውልኛል፤ ተወዳዳሪዎ ግን ገዢ መስሎ ከጠየቀዎት ቆይቷል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ልጥፍ ራሱ መልስ ይስጥ፦ የኪሎው ዋጋ፣ የተፈጨበት ሳምንት፣ ቅመሙ የገባበት መሆን አለመሆኑ፣ ደሴና ኮምቦልቻ የሚያደርሱባቸው ቀናት፣ ወደ አዲስ አበባ የሚጫንበት ቀንና የመላኪያውን ሒሳብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ የክፍያው መንገድ። ይህንኑ አንድ ጊዜ በደንብ ጽፈው ከቻናሉ አናት ላይ ይሰኩት፤ ዋጋ ሲቀየር እሱን ብቻ ያርማሉ። የዋትስአፕ ቢዝነስ መተግበሪያ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን የዕቃ ዝርዝር፣ የሰላምታ መልእክትና የተዘጋጁ አጫጭር መልሶች ማስቀመጥ ያስችላል። ከዚያ የመልስ ሰዓትዎን ሁለት ያድርጉ፤ ጠዋት ቡና ከተጠጣ በኋላ አንድ ሰዓት፣ ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰዓት። ሰዓቱንም በግልጽ ይጻፉት። ደንበኛን የሚያበሳጨው ብዙውን ጊዜ መቼ እንደሚመለስለት አለማወቁ ነው፤ «ማታ 12 ሰዓት እመልሳለሁ» ያለ ሰው ቃሉን ከጠበቀ ማንም አይቀየመውም።

ቪዲዮውን በተመለከተ ብዙ መልፋት አያስፈልግም። ሥራዎ በራሱ የሚታይ ነው፤ ሲቀነጠስ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ገብቶ ሲደለዝ፣ የሽሮው አተር ሲቆላ፣ ጥቁር አዝሙዱ ሲለቀም ስልክዎን መስኮት አጠገብ አቁመው ይቅረጹ። ከአንድ የዝግጅት ቀን ለወር የሚበቃ ቁራጭ ይገኛል። የተጫነበትን ዘፈን አንስተው የምጣዱን ድምፅ ይተዉት፤ የእናትዎ «ኧረ እንዳያር!» የሚለው ድምፅ የገባበትን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። የጽሑፍ ልጥፎችን ደግሞ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ቁጭታ አዘጋጅተው፣ በቴሌግራም የመላኪያውን ምልክት ተጭነው ሲቆዩ በሚመጣው የቀጠሮ አማራጭ ቀንና ሰዓት ይስጧቸው።

አንድ ልጥፍ ግን ዛሬውኑ ያውርዱ። ሽሮው «ለስኳርና ለጨጓራ ፍቱን» እንደሆነ የጻፉበትን ማለቴ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ከሕጉም በላይ፣ የታመመ ሰው አምኖዎት መድኃኒቱን ቢያቆም ኃላፊነቱ ከባድ ነው።

መቼ ምን ማስተዋወቅ እንዳለብዎ የሚወስነው አልጎሪዝም (መተግበሪያው ለማን ምን እንደሚያሳይ የሚመርጥበት ስልት) ነው ብለው ይጨነቃሉ። የእርስዎን ንግድ የሚመራው ግን የዘመን መቁጠሪያው ነው፤ ወሎ ላይ ደግሞ ሁለት ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሽሮ ገበያ የሚደራው ያኔ ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባሉ። ረመዳን በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ ቀኑን በየዓመቱ አዲስ ማስላት ይኖርብዎታል፤ ለሾርባና ለሳምቡሳ የሚሆን ቅመም የሚፈለገው በዋዜማው ነው። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ፤ እርስዎም በዚያ ሳምንት ትእዛዝ ሞልቶብዎት ግማሹን እንደመለሱ ጽፈዋል። ያ የማስታወቂያ ጉድለት አልነበረም፤ የቅድመ ዝግጅት ነው። ከእያንዳንዱ ጾም ሦስት ሳምንት አስቀድመው ትእዛዝ ይክፈቱ፣ ቀብድ ይቀበሉ፣ የሚችሉት ሲሞላ «ተዘግቷል» ብለው ይጻፉ። ክረምቱ ለበርበሬ ማስጫ እንደማያመች ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ስለዚህ ሐምሌ ላይ የሌለዎትን በርበሬ ከማስተዋወቅ የተዘጋጀውን ሽሮ ያስቀድሙ።

ከ30ዎቹ 17ቱን ወደ እርስዎ ያመጣው ሰው እንጂ ስልክ አለመሆኑን አይርሱ። የገዢዎችን ስልክ፣ የገዙትን መጠንና ቀኑን በወረቀት ደብተር ጭምር ይያዙ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ ያደረጉ ነጋዴዎች ደንበኞቻቸውን የሚያገኙበት አጥተው ነበር፤ ቁጥር የያዙት በመደወልና በአጭር መልእክት ሥራቸውን ቀጠሉ። «ያለፈው በርበሬ አለቀ ወይ?» የሚል አንድ ስልክ ከአሥር ልጥፍ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ቁጥራቸውን ግን ሳያስፈቅዱ ለማንም እንዳይሰጡ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

ገንዘብ ተልኳል የሚል የስክሪን ፎቶ ሲደርስዎት የራስዎን የቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ ሳያዩ ዕቃ አይጫኑ። ብር ተቀብለው በውጭ ካርድ ገጽ «ቡስት» የሚያደርጉ፣ ማለትም ከፍለው ለብዙ ሰው እንዲታይ የሚያደርጉ ሰዎችንም ለአሁኑ ይለፏቸው፤ ያለውን ትእዛዝ ማድረስ ላቃተው ሰው ተጨማሪ ጠያቂ መግዛት ምን ይጠቅማል?

ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች ልመለስ። የሚቀጥሩ ከሆነ የማርኬቲንግ ባለሙያ አይቅጠሩ፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚቀነጥስ፣ የሚመዝንና የሚያሽግ ሰው ይያዙ። በባልትና የሚገዛው የእጅ ንጽሕናና እምነት ስለሆነ፣ ደንበኛው መስማት የሚፈልገው የእርስዎን ድምፅ ነው። ኮርሱን በተመለከተ፣ አሁን የጎደለዎት ትምህርት ስላልሆነ ገንዘብዎን ይያዙ። እኔ ራሴ የምክር አገልግሎቴን ስጀምር ውድ ኮርስ ወስጄ አራት ገጽ ከፈትሁ፤ በስድስት ወር ውስጥ የመጡልኝ ሁለት ሰዎች ግን ሁለቱም የጎረቤቴ ዘመዶች ነበሩ።

መቀጠሩ ግን የሚናቅ ሐሳብ አይደለም፤ እየሠሩት ያለው ራሱ የሥራ ልምድ ነው። ለሦስት ወር በየሳምንቱ አራት ቁጥር ይመዝግቡ፦ በስልክ ላይ የዋለው ሰዓት፣ የጠየቁ ሰዎች፣ የገዙ ሰዎች፣ የተጣራ ትርፍ። ቀጣሪ ፊት ሲቀርቡ «ብዙ ተከታይ አለኝ» ከማለት «ከጠየቁኝ መካከል የሚገዙትን ከዚህ ወደዚህ አደረስሁ፣ ሰዓቴንም በግማሽ ቀነስሁ» ማለት የበለጠ ያስከብራል። ትርፉ ለራስዎ ሰዓት የሰጡትን ዋጋ ችሎ ከተረፈ በንግዱ ይግፉበት፤ ካልቻለ ያንኑ ደብተር ይዘው ያመልክቱ።

የፊታችን ሰኞ ዋጋውን ይለጥፉና ለእነዚያ አምስት ሰዎች ይመልሱላቸው። የሦስት ወሩን ደብተር ሲልኩልኝ የሰዓቱን ዓምድ አብረው ያድርጉት።